በዕጣ ስለ ደረሰኝ አሮጌ ትራክተር

ዕጣ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ርስት ሲካፈሉ፥ ለሙ ለማን፥ ጭንጫው ለማን ይሁን የሚለውን ክርክር የሚቆርጡት ብዙ ጊዜ በዕጣ ነበር፤ ዕቁብም የሚወጣው በዕጣ ነው። ነገር ግን በነዚህ በሁለቱ ዕጣው የሚለየው ድርሻንና ተራን ብቻ ነው። ዕቁቡ ዛሬ ያልወጣለት ሌላ ቀን ይወጣለታል፤ የሚቀበለውም የገዛ ራሱን ገንዘብ ነው። ቶምቦላ ግን ሌላ ነው። ሺህ ሰው የከፈለበትን አንድ ሰው ይዞት ይሄዳል፤ የቀሩት ወረቀታቸውን ቀደው ይጥላሉ። ይህ ዓይነቱ ዕጣ ባገራችን በመንግሥት እጅ የተደራጀው ብሔራዊ ሎተሪ በ1961 በተቋቋመ ጊዜ ነው። (ታሪኩ የሚበዛው የውጭ አገር ስለ ሆነ፥ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

እኔ በምኖርበት በእንግሊዝ አገር ገጠር፥ አሮጌ የእርሻ መኪና የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አላቸው። የዛገውን ትራክተር ፈትተው፥ አጥበው፥ ቀለም ቀብተው ያድሱትና ለበሽተኞች መርጃ በቶምቦላ ያወጡታል። አንድ ፓውንድ ከፍዬ አንድ ወረቀት ገዛሁ፤ በ1949 የተሠራ አመድማ ፈርጉሰንም ወጣልኝ። የኔ መሬት ጎመን የምተክልባት አንዲት ጓሮ ስለ ሆነች፥ እንኳን ደስ ያለህ ያለኝ ሁሉ እየሳቀ ነበር።

አንድ ነገር ያለ ድካም እጃችን በገባ ጊዜ፥ የደከመበት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ክረምቱን የዚህን መኪና ታሪክ ስመረምር ከረምሁ።

ሃሪ ፈርጉሰን በ1884 በሰሜን አየርላንድ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የእርሻ ሥራ ስላልተስማማው መካኒክነት ተማረ፤ በ1909 ራሱ በሠራው አውሮፕላን በአየርላንድ ሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እሱ ነው። በ1917፥ ጦርነቱ እህል ባስወደደበት ዘመን፥ የአየርላንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት በየወረዳው እየዞረ የትራክተሮቹን አሠራር እንዲያሻሽል አዘዘው። እሱም ዊሊ ሳንድስ ከሚባል ረዳቱ ጋር ሲዞር፥ ትራክተሩ በፈረስ ቦታ ተተክቶ ማረሻውን ከኋላው ይጎትታል እንጂ፥ ሁለቱ አንድ አካል እንዳልሆኑ አስተዋለ። በሬ ቢሆን፥ ሥር ወይም ድንጋይ ማረሻውን ሲይዘው ይቆማል፤ ገበሬውም ዕርፉን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ሞተር ግን አያስተውልም። ማረሻው በተያዘ ጊዜ የኋላው እግር መሄድ ሲያቅተው የፊቱ ወደ ሰማይ ይነሣና መኪናው በነጂው ላይ ይገለበጣል። በዚያ ዘመን እጅግ የተስፋፋው ፎርድሰን የሚባለው ትራክተር በዚህ ክፉ ስም አትርፎ ነበር።

ፈርጉሰንና ጓደኞቹ ማረሻውን ከትራክተሩ ጀርባ ጋር በሦስት ክንድ አያያዙት፤ ሁለቱ ከታች፥ አንዱ ከላይ። አፈሩ ማረሻውን ሲይዘው፥ ኃይሉ በላይኛው ክንድ በኩል ወደ ፊት ይገፋና የፊቱን እግር መሬት ያስይዘዋል። በዘይት ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ደግሞ ማረሻውን እንደ ጭነቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ክብደቱ 1,100 ኪሎ ያህል የሆነ ትንሽ ትራክተር፥ ከሱ በጣም የሚከብደውን ሥራ ይሠራል። ፈርጉሰን የፈጠራ መብቱን በ1926 አስመዘገበ፤ በስሙ የተሠራው ትራክተር ለገበያ የወጣው ግን በ1936 ነው። ከ1917 እስከዚያ 19 ዓመት መሆኑ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚያርሰው ትራክተር ሁሉ ለማለት ይቻላል፥ ማረሻውን የሚይዘው በነዚህ በሦስቱ ክንዶች ነው።

በ1938 ፈርጉሰን ወደ አሜሪካ ሄዶ መኪናውን ለሄንሪ ፎርድ አሳየው። ሁለቱ ሰዎች አንዱ ሊሠራ አንዱ ሊሸጥ ተስማምተው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ወረቀት አልተፈረመም። በዚያ ቃል ብቻ ከ1939 እስከ 1947 ከ300,000 በላይ ትራክተር ተሠራ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ሕዝብ ልጅ ስለ ሆንሁ፥ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ክፍል ማረከኝ። ሽማግሌው ፎርድ ሲያረጅ ድርጅቱን የያዘው የልጅ ልጁ በ1947 ስምምነቱን አቆመው፤ ፋብሪካውም ያንኑ አሠራር ይዞ በራሱ ስም መሥራቱን ቀጠለ። ፈርጉሰን ከሰሰ። ክርክሩ አራት ዓመት ከፈጀ በኋላ በ1952 በ9,250,000 ዶላር ታረቁ። የጠየቀው ከ250 ሚሊዮን በላይ ነበር! የእንግሊዙ ፋብሪካ ግን በኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 እስከ 1956 ከ500,000 በላይ አመድማ ትራክተር አወጣ፤ የኔውም ከነዚያ አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ የድካምና የጥበብ ታሪክ ነው። ሌላም ታሪክ አለው። በ1939 በብሪታንያ እርሻ ላይ ከ500,000 በላይ የሥራ ፈረሶች ነበሩ፤ በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከነአራሾቻቸው ከእርሻው ላይ ጠፉ ማለት ይቻላል። ወደኛም አገር ስንመጣ፥ በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ያሰበው ትንሹን ገበሬ ለመርዳት ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መሬቱን ባተረፈው ጊዜ ግን ብዙ ባለርስት ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን አስነሣ። እንግዲህ ለአንዱ ሲሳይ ሆኖ የገባው መኪና፥ ለሌላው ከቤቱ መውጫ ነበረ ማለት ነው። ጥፋቱን በብረቱ ላይ የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ ግን የጎዳው ጭሰኛው በመሬቱ ላይ መብት ማጣቱ ነው እላለሁ። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በ1975 ነው፤ ለተነሡት ዘግይቶባቸዋል።

ይህን የማውጠነጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ፥ አባታቸው ፈረስ ጠምዶ የሚያርስ ሞያተኛ እንደ ነበረና፥ ጌታው እንዲህ ያለውን አመድማ ትራክተር በገዛ ጊዜ ሥራውን እንዳጣ ነግረውኛል። በዚያ ቶምቦላ ሃያ ወረቀት ገዝተው አንዱም አልወጣላቸውም። ውሰዱት ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ ዕጣው ያንተ ነው፥ እኔ መንዳቱ ይበቃኛል አሉ። የሚነሣው የማርሹን ዘንግ ወደ ማስነሻው ቦታ በመግፋት እንደ ሆነ፥ ማርሽ ውስጥ ገብቶ ሳለም እንዳይነሣ ተደርጎ እንደ ተሠራ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን በሳቸው ጎተራ ውስጥ ይቆማል። ቤንዚኑን እኔ እገዛለሁ፤ ዘይቱን እሳቸው ይለውጣሉ፤ በመስከረም የአዝመራው ቃርሚያ ሲነሣ አንዲት ማሳ ያርሱበታል፥ እኔም ከኋላ ከኋላ እየሄድሁ ድንጋይ እለቅማለሁ።