ሳጥኑ አሮጌ፣ ካርዱ አዲስ፦ ከድሬዳዋ ሐዲድ ታሪክ

አሥር ዓመት ቢሮ ውስጥ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ የሚጨምርለት ወጣት በድሬዳዋ ብርቅ አይደለም። አዲስ ለመግዛት አቅም የለም፤ ለቪዲዮ ቅንብር፣ ለሕንፃ ንድፍ ወይም ለጌም ደግሞ አሮጌው አይበቃም። ካርዱ ይገባል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ቀጥሎ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ካርዱ ፎርጅድ ነው!»

ካርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው መሰኪያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ ሲሆን፣ አዲሱ ትውልድ በአሮጌው ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው። ጣጣው ያለው ዙሪያው ላይ ነው። መሰኪያው ራሱ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በ6 ፒን (75 ዋት) ወይም በ8 ፒን (150 ዋት) ገመድ ኃይል ማግኘት አለበት። የቢሮ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ግን ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት አይዘልም፤ ገመዱም ላይኖረው ይችላል። ኃይሉ ቢበቃ እንኳ፣ የቦርዱ ባዮስ ያረጀ ከሆነ ለዩኢኤፍአይ የተሠራውን ካርድ ላያውቀው ይችላል። አንዳንዴም ነገሩ ያስቃል፦ የስክሪኑ ገመድ አሁንም የተሰካው በቦርዱ ላይ ነው። የሚያውቅ ጠጋኝ ካርዱን ከመውቀሱ በፊት ሌላ ማሽን ላይ ይሞክረዋል፤ አንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል።

ይህ ችግር ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተወለደችው ከአለመገጣጠም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሣው መስመር በመጀመሪያ ይደርሳል የተባለው ሐረር ነበር። ባቡሩ ግን የሐረርን ተራራ በቀላሉ መውጣት አልቻለም። ሐዲዱ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ፤ በዚያም «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት እሷን ነው።

መስመሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልተለወጠው ነገር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ነበር፦ አንድ ሜትር። ጠባብ ሐዲድ ርካሽ ነው፤ በተራራና በገደል መካከል ለመጠምዘዝም ይመቻል። በጊዜው ምክንያታዊ ውሳኔ ነበር። ግን እንደ ማዘርቦርድ ሁሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ሎኮሞቲቭና ፉርጎ በዚያ ልክ መሠራት ነበረበት።

የእንፋሎቱን ዘመን እንውሰድ። እንፋሎት ውኃ ይጠጣል፤ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው ምድር ደግሞ ውኃ የለውም። ስለዚህ ናፍጣ በዚህ መስመር ላይ ከቅንጦት የራቀ ትልቅ መፍትሔ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ የመጡት የፊያት ኦቶራዮች፣ ከዚያም በ1940ዎቹ መግባት የጀመሩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የውኃውን ጭንቀት አቃለሉ። ነገር ግን «ጉልበተኛውን ሎኮሞቲቭ አምጡልን» ብሎ ማዘዝ አይቻልም ነበር። ቀጭኑ ሐዲድና የድሮዎቹ ድልድዮች የሚሸከሙት ክብደት ወሰን አለው። ከሚገዛው ሞተር በፊት መታየት የነበረበት የሚሸከመው መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ያጣጥም የነበረው የድሬዳዋው ወርክሾፕ ነው። ሠራተኛው ከፈረንሳዮቹ የወረሰውን የሥራ ቋንቋ ከአማርኛው፣ ከኦሮምኛውና ከሶማልኛው ጋር ቀላቅሎ እየተናገረ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ከቆመው ነቅሎ ለሚሄደው ይገጥማል፤ የማይገኘውን በቶርኖ ይቀርጻል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመናዊ የጥገና ሙያ የት ተወለደ ለሚል ሰው፣ ይህ ግቢ ከመጀመሪያዎቹ መልሶች አንዱ መሆን ነበረበት። ታሪኩ ግን በቅጡ አልተጻፈለትም፤ የከተማዋ ዝና ለከዚራ ዛፎች ተሰጥቶ ቀርቷል።

መስመሩ ብዙ ተፈተነ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ ድልድዮች ፈረሱ፣ ባቡሩም ቆመ። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ባቡሩ ኩርባውን የገባው ሊሸከመው በማይችል ፍጥነት ነበር። እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ልክ እንዳለው የሚያሳይ ከዚህ የመረረ ማስረጃ የለም።

ትልቁ ዕድል የመጣው፣ የባከነውም፣ ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በጅቡቲ መንገድ ላይ መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር፤ ጭነቱን የወሰደው ግን ከባድ መኪና ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በጣልያን ተቋራጭ የሐዲድ እድሳት ተጀመረ። የተወሰነው ክፍል ተሠራ፤ መላውን መስመር ግን አላዳነም። ሐዲዱ በከፊል ሲታደስ ሎኮሞቲቮቹ እያረጁ፣ ደንበኞቹም ወደ አስፋልቱ እየሄዱ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። «ምድር ባቡሩ አርጅቶ ሞተ» የሚለው የተለመደ አባባል ለብዙዎች ይመቻል፤ ተጠያቂ የለበትማ። እውነቱ ግን አንዱ ክፍል ሲጠገን ሌላው መራቡ ነው።

ከዚያ ሳጥኑ በሙሉ ተቀየረ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ብድሩ በአብዛኛው ከቻይና ነው፣ ግንባታውም የቻይና ኩባንያዎች። ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ከድሮው አንድም ፉርጎ በላዩ አይሄድም። የድሬዳዋ አዲስ ጣቢያም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተሠራ። ውሳኔው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ በአንድ ሜትር ሐዲድ የዛሬውን ጭነት ማንቀሳቀስ አዳጋች ነበር።

የሚያስቆጨው ሌላ ነው። አዲሱ ባቡር የሚሄደው በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ሥራ ከጀመረ ወዲህ ካጋጠሙት ችግሮች አንዱም የኃይል መቆራረጥ ሆነ። ካርዱ ገባ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ፓወር ሰፕላዩ ግን ያው የድሮው ነው። ሎኮሞቲቮቹን የሠራው ፋብሪካ ይህን ሊያስተካክል አይችልም፤ ሥራው የማከፋፈያ ጣቢያና የማስተላለፊያ መስመር ነው። ባቡሩ በዘገየ ቁጥር «የቻይና ዕቃ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ከጥቁሩ ስክሪን ፊት ቆሞ ካርዱን የሚረግመውን ይመስላል።

ሐዲድ አይገጥምም ማለት ሰውም አይገጥምም ማለት አይደለም። ድምፁን ሰምቶ ብልሽቱ ከፍሬን ይሁን ከሞተር የሚለይ፣ ኩርባውን ሁሉ በስም የሚያውቅ ሠራተኛ በዚያች ከተማ ነበር። አዲሱን መስመር ከቻይናዎቹ ኩባንያዎች ተረክቦ የማስተዳደር ሥራ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ባለሙያዎች የተሸጋገረው በ2016 ዓ.ም. ነው። የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣት ካቆመ 16 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በዚህ መሐል የወርክሾፑ ሰው በጡረታም በሞትም ተመናመነ። ኦቶራዮቹና የብረት መቅረጫዎቹ ለጎብኚ ይታያሉ።