«በላይ» የሚለው ስም በጎጃም

በአገራችን ልማድ ልጅ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። የትምህርት ቤት መዝገብ ቢበዛ እስከ አያት ድረስ ይጽፋል፤ ከአያት ያለፈው ስም ከመዝገቡ ይወጣል። ስለዚህ የአንድ ጀግና ስም እንደ ፈረንጆች የቤተ ሰብ ስም በዘር እየተላለፈ አይኖርም፤ እንዲኖር የሚፈልግ ሰው ለልጁ እንደገና ማውጣት አለበት። በጎጃም እንዲህ እየታደሱ ከኖሩት ስሞች አንዱ «በላይ» ነው።

ቃሉ ራሱ ቀላል ነው። «በ» የተባለው መስተዋድድ «ላይ» ከሚለው ቃል ጋር ተጋጥሞ የተሠራ ሲሆን፥ ልጁ ከእኩዮቹ በላይ፥ ከጠላቱም በላይ ይሁን የሚል የወላጅ ምኞት አለበት። ይበልጣልና አየለ የሚባሉትም ስሞች የዚሁ ወገን ናቸው። ልጁ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ከቤተ ክርስቲያን የሚያገኘው የክርስትና ስም ሌላ ነው፤ በላይ ግን እናትና አባት የሚያወጡት የቤት ስም ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ ተማሪ የሚደናገርበትን ነገር ማንሣት ይገባል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሎ የምናየው፥ ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ በጥርኝ ውሃ የዳነው በላዔ ሰብእ ከዚህ ስም ጋር ዝምድና የለውም። የእርሱ መጠሪያ «በልዐ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ፥ ትርጉሙም ሰው በላ ማለት ነው። ልጁን በላይ ያለ አባት ስለዚያ ሥዕል አላሰበም።

ስሙን ከምኞት ወደ ዝና ያደረሱት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ናቸው። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ የባሻ ዘለቀ ልጅ በቢቸና አካባቢና በዓባይ ዳርቻ ሰው አስከትለው ተነሡ፤ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስም ተዋጉ። የፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር ነው። ለተከታዮቻቸው እስከ ራስ ድረስ ማዕረግ ይሰጡ ነበር። ለራሳቸው ግን ምን ማዕረግ እንደሚወስዱ ሲጠየቁ፥ እናታቸው በላይ ብላ ስም ስላወጣችላቸው ከዚያ የሚበልጥ ማዕረግ እንደማይፈልጉ መለሱ ተብሎ በአገሩ ይነገራል። ነገሩ በቃል የመጣ ነው፤ ቢሆንም የስሙን ታሪክ እንደዚህ አድርጎ የሚገልጽ ሌላ አላገኘሁም። እናት ለልጅዋ የተመኘችው ቃል ከራስነት በላይ ሆኖ ተቆጠረ።

ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብለው ተሾሙ። ነገር ግን ከመንግሥት ጋር አለመግባባት ተነሥቶ በሶማ ተራራ ውጊያ ሆነ። ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፤ የተፈረደባቸው ሞት ወደ እስራት ቢለወጥላቸውም ከእስር ቤት አምልጠው እንደገና ተያዙ። በጥር ወር 1937 ዓ.ም. ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ልጅ ማሞ የራስ ኃይሉ ልጅ፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የልጅ ልጅ ነበሩ። የንጉሥ የልጅ ልጅና የባሻ ልጅ አብረው ሞቱ ማለት ነው። ለአገሩ አምስት ዓመት የተዋጋን ሰው ጠላት ሳይሆን ወገን መስቀሉ ለጎጃም ሰው ከባድ ነገር ነበር፤ ዛሬም በእንጉርጉሮው ውስጥ ይሰማል።

የተሰቀለ ሰው ስም ለሕፃን ማውጣት እንደ ክፉ ምልኪ ሊቆጠር ይችል ነበር። ወላጆች ግን አልፈሩትም። ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም በየክፍሉ የተማሪ ስም ሲጠራ በላይ፥ በላይነህ፥ በላይሁን፥ ከልጃገረዶችም በላይነሽ መስማት እንግዳ አይደለም። ሁሉም ስለ ጀግናው የወጣ ስም ነው ማለት አይቻልም፤ የጥንቱም ምኞት አልጠፋም። በአዲስ አበባ መንገድ፥ በባሕር ዳርም የአውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተሰይሞአል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን መንገድን መንግሥት ይሰይመዋል፥ መንግሥትም ይለውጠዋል። ለእኔ ክብደት ያለው በየጎጆው የወጣው ስም ነው።

ዘለቀ የሚባሉ አባቶች ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ወንድ ልጅ ሲወለድላቸው ስም ፍለጋ ብዙ አይደክሙም፤ ጎረቤቱ ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት፥ መምህሩ መዝገቡን ከፍቶ ሁለቱን ስሞች አከታትሎ ሲጠራ፥ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየዋል።