ከወቅፍ ኪራይ እስከ ረመዳን ልገሳ፦ የካይሮ ድሆች ሕክምና

በካይሮ የረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ የኢፍጣር መድፍ ይተኮሳል፤ ቤተሰብ በማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ከዚያም ቴሌቪዥን ይከፈታል። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በወሩ ተከታታይ ድራማዎች መካከል፣ ከሳሙናና ከስልክ ማስታወቂያ ጋር እየተጋፋ የሚቀርብ አንድ ጥሪ ተለምዷል። ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት ይታያሉ፤ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ድሆች ይታያሉ፤ በመጨረሻም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይነበባል። ጥሪው አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። አሕመድ ኢብን ቱሉን በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሆስፒታሉን ካሠራ ወዲህ ግብፅ ድሃ በሽተኛን በነፃ ማከምን ታውቀዋለች። የተለወጠው ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በስም ከተለየው አንድ ቀን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘካ በመሠረቱ ከረመዳን ጋር የተሳሰረ ግዴታ አይደለም። አንድ ሙስሊም ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ገንዘብ በእጁ አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ከመቶ ሁለት ተኩል ያወጣል፤ ዓመቱም በየትኛውም ወር ሊሞላ ይችላል። ይሁንና በረመዳን የተሠራ በጎ ሥራ ምንዳው እንደሚበዛ ስለሚታመን ብዙ ሰው ሒሳቡን በዚያ ወር መዝጋት ይመርጣል። በፈቃድ የሚሰጠው ሰደቃና ከዒድ ሶላት በፊት የሚወጣው ዘካተል ፊጥርም ይጨመሩበታል። በማይድን ሕመም ምክንያት መጾም ያልቻለ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ ይመግባል፤ ይህም ፊድያ ይባላል። በዚያ ወር በሽተኛው ራሱ ሰጪ ይሆናል ማለት ነው።

ቁርኣን የዘካ ተቀባዮችን በስምንት ሲመድብ ሕሙማንን ለይቶ አይጠራም፤ ድሃው በሽተኛ ከተቀባዮቹ የሚቆጠረው በድህነቱ ነው። ነጥቡ ጥቃቅን ቢመስልም ብዙ ነገር ወስኗል። ከቀደሙት የሕግ ሊቃውንት አብዛኞቹ ዘካ በድሃው እጅ ገብቶ የራሱ ንብረት መሆን አለበት ይሉ ስለነበር፣ በዘካ ገንዘብ ግድግዳ ማቆምና ሐኪም መቅጠር አከራካሪ ነበር። ሆስፒታል ለማቆም የፈለገ ባለጸጋ የሚሄድበት መንገድ ወቅፍ ነበር፤ ሱቁን፣ መታጠቢያ ቤቱን ወይም እርሻውን እንዳይሸጥና እንዳይወረስ አድርጎ ያስራል፤ ዋናው ሳይነካ ኪራዩ ብቻ ለተናዘዘለት ሥራ ይውላል።

ከወቅፍ ሆስፒታሎች መካከል ስሙ የገነነው የሱልጣን አል መንሱር ቀላውን ቢማሪስታን ነው። ቃሉ ፋርስኛ ሲሆን የሕሙማን ቦታ ማለት ነው። ቀላውን በኢትዮጵያ ታሪክም እንግዳ ስም አይደለም፤ የይኩኖ አምላክ ልጅ ዐፄ ይግብኣ ጽዮን ስለ ጳጳስ ጉዳይ ደብዳቤ የላኩት ለእሱ ነበር። ቀላውን ገና የጦር አዛዥ ሳለ ሶርያ ውስጥ ክፉኛ ታመመ። ከደማስቆው የኑረዲን ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት ዳነ፤ ሥልጣን ቢይዝ እንደዚያ ያለውን እንደሚሠራም ተሳለ። ታሪክ ጸሓፊው አል መቅሪዚ እንዲህ ይተርካል። ስእለቱ የተፈጸመው በ1284 እና በ1285 ነው፤ ቦታውም ቀድሞ የፋጢማውያን ቤተ መንግሥት በነበረበት በበይነል ቀስረይን ነበር።

የወቅፉ ቃል ዛሬም ያስደንቃል። ወንድም ሴትም፣ ጨዋም ባሪያም፣ የአገር ልጅም መንገደኛም ይታከማል። ለበሽተኛው የመቆያ ቀን አልተወሰነለትም፤ እስኪድን ይተኛል። ለትኩሳት፣ ለዓይን፣ ለቁስልና ለተቅማጥ ሕሙማን የተለያዩ ክፍሎች ነበሩ፤ ሴቶችም የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። ድኖ የሚወጣው ልብስ ይሰጠዋል፤ የሞተው በወቅፉ ወጪ ተገንዞ ይቀበራል። ለዚህ ሁሉ የካይሮ ሱቆችና መታጠቢያ ቤቶች፣ በሶርያም ያለ ንብረት ኪራይ ይከፍሉ ነበር። የደምን ዝውውር በሳንባ በኩል አስቀድሞ የገለጸው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን የተወው ለዚሁ ሆስፒታል ነው። በ1326 ካይሮን ያየው ኢብን ባጡታም ያማረነቱን ለመግለጽ ቃል አጥሮት አልፏል።

አል መቅሪዚ ግን ሌላም ነገር ጽፏል። የግንባታው ኃላፊ አሚር ሰንጀር አል ሹጃዒ ሠራተኞችን በግድ ያሠራ፣ በመንገድ የሚያልፈውንም ሰው ድንጋይ ያሸክም ነበር፤ በዚህም የተነሣ በሕንፃው ውስጥ መስገድ ይገባል ወይስ አይገባም በሚል ሊቃውንት ተከራክረዋል። ለድሃ የተሠራው ሆስፒታል በድሃ ጉልበት በግፍ መሠራቱ ታሪኩን ሲያወሱ ሊዘለል የማይገባ ነው።

ወቅፉ ሠሪውን በብዙ መቶ ዓመታት አልፎ ኖረ። ዳሩ ግን ኪራዩ የማያልቅ መሆኑ ሌባም እንዲያየው አደረገ። ባለአደራዎች ለራሳቸው እየቆረሱ፣ ሕንፃዎቹም እያረጁ ሄዱ፤ በ1798 ፈረንሳዮች ካይሮ ሲገቡ ያገኙት በጥቂት በሽተኞች የተያዘ የተጎሳቆለ ቤት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ ፓሻ የእርሻ ወቅፎችን ወደ መንግሥት እጅ አስገባ። ከ1952 አብዮት በኋላ የቤተሰብ ወቅፍ በሕግ ተሻረ፤ በ1953 ደግሞ የበጎ አድራጎት ወቅፎች አስተዳደር ወደ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ለሆስፒታል ብሎ ሱቁን ማሰር ለባለጸጋው የሚያጓጓ ነገር አልነበረም። አደራው በማን እጅ እንደሚያድር ማን ያውቃል?

ክፍተቱን የረመዳን እጅ ሞላው። የካይሮው የሕፃናት ካንሰር ሆስፒታል 57357 የተሰየመው ልገሳ በሚገባበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። የቀላውን ሆስፒታል የሱልጣኑን ስም ይዞ ነበር፤ ይህኛው ማንም የሌላ ስም ሊያስቀምጥበት የማይችል ቁጥር ያዘ። ሆስፒታሉ በሐምሌ 7 ቀን 2007 ተከፈተ። የመጀመሪያው ረመዳን ከሁለት ወር በኋላ የገባው ኢትዮጵያውያን አዲሱን ሁለት ሺህ በተቀበሉ ማግስት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 2000 ነበር። የግብፅ ፈትዋ ሰጪዎችም ዘካ ለድሆች ሕክምና ሊውል እንደሚችል በመፍቀዳቸው የድሮው ክርክር በተግባር ላልቷል።

በአስዋን ያለው የልብ ማዕከል ታሪክ ይበልጥ ልብ ይነካል። በ2008 ኮፕቱ የልብ ቀዶ ሐኪም ማግዲ ያዕቆብ ከኖቤል ተሸላሚው አሕመድ ዘዌይልና ከአምባሳደር መሐመድ ሻኪር ጋር ድርጅቱን መሠረተ፤ ማዕከሉም በ2009 ሥራ ጀምሮ ድሆችን በነፃ አከመ። የጾመኛው ሙስሊም ዘካ በክርስቲያኑ ሐኪም ቢላዋ የሕፃን ልብ ሲጠግን አስታራቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው አላስፈለገም።

የረመዳን ልገሳ ከወቅፍ የሚለየው በየዓመቱ እንደገና መለመን ስላለበት ነው። ይህ ድካም ነው፤ ጥቅምም አለው። የሞተ ሱልጣን ኪራዩ ወዴት እንደሄደ አይጠይቅም፤ ሕያው ለጋሽ ይጠይቃል። በ2018 ስለ 57357 ወጪና ስለ ማስታወቂያው ብዛት በግብፅ ጋዜጦች የጦፈ ክርክር መነሣቱም ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን በአንድ ወር የተሰበሰበ ገንዘብ ዐሥራ አንዱን ወር ማሻገር አለበት፤ የካንሰር መድኃኒት ብዙው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ለጋሹ የሚሰጠው በአገሩ ገንዘብ ነው። በኅዳር 2016 የግብፅ ፓውንድ ለገበያ ሲለቀቅ ዋጋው በግማሽ ገደማ ወደቀ፤ በረመዳን የተሰጠው ያው ገንዘብ የሚገዛው መድኃኒትም በዚያው ልክ አነሰ።

ረመዳን በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የሆስፒታሎቹ የገቢ ወር ከበጀት ዓመታቸው ጋር አብሮ አይሄድም። በ2030 ረመዳን አንድ ጊዜ በጥር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚገባ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ረመዳን ሁለት ጊዜ ይጀምራል።