ከአዋጅ ይልቅ የሰነበተ ማዕድ

ታሪክ ጸሐፊ የነገሥታትን ደብዳቤ፣ የጦር ሜዳን ውሎ፣ የውልንና የአዋጅን ቃል ይመረምራል። ጓዳን ግን ብዙ ጊዜ አይጎበኝም። ይሁን እንጂ አዋጅ የሻረውን በዓል ጓዳ ሸሽጎ ያቆየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን አሳብ የጫረብኝ በአዲስ አበባ በአንድ የቻይናውያን ቤተሰብ ቤት ያሳለፍሁት የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ነው።

እንደ አገሬ ልማድ ማዕድ እስኪቀርብ ተቀምጬ ልጠብቅ አስቤ ነበር። የቤቱ እመቤት ግን እጄን አስታጥባ በስሱ የተዳመጠ ክብ ሊጥ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። የተከተፈ ሥጋና ጎመን በመካከሉ ይደረግና ለሁለት ይታጠፋል፤ ጠርዙ በጣት እየተቆነጠጠ ይገጠማል፤ ከዚያም በፈላ ውሃ ይቀቀላል። ሳምቡሳን ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የገባው ትንሹ ልጃቸው ሥራዬን አየና፣ «ጋሼ፣ በደንብ አልዘጉትም፤ ውሃው ውስጥ ይፈታል» አለኝ። እንዳለውም ተፈታ። ሁሉም ሳቁ፤ የተፈታውንም ለእኔው አወጡልኝ።

ቻይናውያን ጂያውዝ የሚሉት ይህ ምግብ ረጅም ዕድሜ አለው። በምዕራብ ቻይና፣ በቱርፋን አጠገብ ካሉት የአስታና መቃብሮች፣ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የደረቀ ጂያውዝ ተቆፍሮ ወጥቷል። አፈ ታሪክ ደግሞ ጅማሬውን ዣንግ ጆንግጂንግ ለተባለ ጥንታዊ ሐኪም ይሰጣል፤ ጆሯቸው በብርድ ለተጎዳ ድሆች ሥጋና መድኃኒት በሊጥ ጠቅልሎ አበላቸው ይባላል። በተለይ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል፣ በዋዜማው ሌሊት ቤተሰብ ተሰብስቦ ይጠቀልለዋል። ስሙም አሮጌው ዓመት ለአዲሱ ቦታውን የሚለቅበትን የእኩለ ሌሊት ሰዓት በድምፁ ያስታውሳል።

ይህ በዓል ከመንግሥት እጅ ብዙ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1912 የተመሠረተው ሪፐብሊክ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ሲቀበል፣ ነባሩ አዲስ ዓመት ማዕረጉን አጥቶ «የፀደይ በዓል» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በባህል አብዮቱ ዘመን፣ የበዓሉ ዕረፍት ጨርሶ ተሰረዘ፤ የተመለሰውም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ጂያውዝ ግን ከቤት አልወጣም። ኢትዮጵያና ቻይና በኅዳር 1963 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሥርተው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1964 ዓ.ም. መባቻ ቤጂንግን ጎብኝተው፣ ከዚያ በኋላ የወልዲያ–ወረታ መንገድ በቻይና ርዳታ ሲሠራ፣ የመንገዱ ሠራተኞች አገራቸው በዓሉን በሰረዘችበት ዘመን ከቤታቸው የራቁ ሰዎች ነበሩ። ሕዝባችን ያንን መንገድ «የቻይና መንገድ» ብሎ ሰየመው፤ የሠራተኞቹን በዓል ግን አላወቀውም።

እኔም ያን ሌሊት ያሰብሁት ወላይታን ነበር። ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ ስሙ «በኩር፣ የመጀመሪያ» የሚል ፍች ይሰጠዋል። የጨረቃን ዑደት የሚከታተሉ አዋቂዎች ቀኑን ይለዩ ነበር፤ ዛሬ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይከበራል። የዝግጅቱ መሠረት የዓመት ቁጠባ ነው፤ ወንዶቹ በማኅበር ለበሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ያጠራቅማሉ። በዓሉ ከመግባቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል። በበዓሉም ከእንሰት የሚዘጋጀው ሙቹዋ በቅቤ ርሶ፣ ሥጋው ከዳጣ ጋር ቀርቦ፣ ጎረቤት በአንድ ገበታ ይቀመጣል።

በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ዘመቻ ካዎ ጦናን ማርኮ የወላይታን መንግሥት ሲያከትም፣ ቀኑን በይፋ የሚያሳውቀው ቤተ መንግሥት አብሮ ፈረሰ። ከዚያም በዓሉ ከመስቀል ጋር ስለተቀራረበ በብዙዎች አፍ ስሙ በመስቀል ስም ተሸፈነ። ይሁንና እናቶቻችን የቅቤውን ሳንቲም ሲያጠራቅሙ ፈቃድ የጠየቁት ማንንም አልነበረም። እናቴ በሶዶ ገበያ ማግስት ከጉያዋ አውጥታ የምትቆጥራት ገንዘብ፣ ዛሬ ሳስባት፣ ካነበብሁት የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ የማታንስ ሰነድ ነበረች።

አሁን ጊዜው ተለውጧል። የቻይናው የፀደይ በዓል በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጊፋታም በሶዶ አደባባይ በንግግርና በጭፈራ ይከበራል። ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል፤ እኔም ለመድረክ የምጽፍ ሰው እንደ መሆኔ መድረክን አልንቅም። ነገር ግን መድረክ ተመልካችን ይሠራል፤ ጓዳ ግን ባለቤትን ይሠራል። የእንሰት መፋቅ ድካም ለእናቶች ብቻ ከተተወ፣ ልጆችም ሙቹዋን በሰሐን ቀርቦ እንጂ ሲሠራ ካላዩት፣ አንድ ቀን ጊፋታን የሚያጨበጭብለት እንጂ የሚያዘጋጀው ይጠፋል። አዋጅ ያላጠፋውን በዓል ያን ጊዜ እኛው አጠፋነው ማለት ነው።

የዚያ ትንሽ ልጅ ቃል ከእኔ ጋር የቀረው ስለዚህ ነው። እርሱ ሊጡን መግጠም የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእናቱ ጣት ነው። በመጪው ጊፋታ እኔም ሶዶ ስወርድ፣ ልጆቼን ከገበታው አስቀድሜ ወደ ጓዳው አስገባለሁ፤ እጃቸውንም አስታጥባለሁ።