ማን ሞቶ ነው የምትሮጪው?

በ2015 ዓ.ም. ህዳር ወር በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ልሮጥ መመዝገቤን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

ስትቀልድ አልነበረም። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በእሷ አገር ትልቅ ሰው፣ ያውም ሴት፣ መንገድ ላይ ስትሮጥ ከታየች ከሦስት ነገር አንዱ ደርሷል፦ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ የጎረቤት ሴት ምጥ ይዟታል፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል። ያለ ጉዳይ የሚሮጥ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሳይላክ አይውልም።

«ማንም አልሞተም እማዬ፣ ዝም ብዬ ነው» አልኳት።

«ዝም ብለሽ?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። በዓለም ላይ በሯጮቿ የምትታወቅ አገር ውስጥ፣ «ዝም ብሎ መሮጥ» መቼ ተጀመረ? ማንስ ፈቀደው?

* * *

በአገራችን ሩጫ ለረጅም ዘመን ሥራ ነበር፤ ያውም የታዛዥ ሥራ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም እስኪያዙ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ደብዳቤ አገር የሚያቋርጠው በሰው እግር ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዱላ ጫፍ ሰክቶ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ወንዝ እየተሻገረ ዳገት እየወጣ ይገሰግሳል። ጌታው በበቅሎ ሲጓዝ አሽከሩ ጠመንጃ ተሸክሞ ከጎን ከጎን ይሮጣል። የሰው ትልቅነት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ አለመሮጡ ነበር ማለት ይቻላል። ትልቅ ሰው ይራመዳል፤ የሚሮጡለት አሉት።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ኑሮ የከበደበት ሰው «ከሩጫ አልወጣሁም» ይላል። ሰው ሲሞት «ሩጫውን ጨረሰ» እንላለን። በከንቱ የሚባክነውንም «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ብለን እንመክረዋለን፤ ወዲያ ወዲህ ከማለት ወደ ላይ ማየት ይሻላል ለማለት። በዚህ ቋንቋ ላደገች ሴት ልጇ ገንዘብ ከፍላ ለመሮጥ መመዝገቧ ግራ ቢያጋባት አይፈረድባትም።

ግን ደግሞ ይኸው አገር በእግር ያለ ጉዳይ መሄድን በደንብ ያውቃል። በየዓመቱ ለገና ላስታ የሚደርሰው ምእመን ከዋግ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ ቀናትና ሳምንታት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ መኪና እያለ እንኳ በእግር የሚመጣው ብዙ ነው። እሱን መንገድ ላይ አግኝቶ «ማን ሞቶ ነው?» የሚል የለም። ስንቁን አይቶ «በርታ» ይለዋል፣ ውሃ ያቀብለዋል፣ እግሩን ያጥበዋል። ድካሙ ራሱ ስጦታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ነአኩቶ ለአብን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ ከላሊበላ ከተማ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙን ያገኘው ከዛግዌ ነገሥታት አንዱ ከሆነውና የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው ከሚባለው ንጉሥ ነው። ትውፊቱ ንጉሡ አልሞተም፣ ተሰወረ ይላል። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ ክረምት ከበጋ እየተቀበሉት የሚሞሉ የድንጋይ ገበታዎች አሉ። ሰው ያንን ነው ጠበል ብሎ የሚወስደው። ህዳር 3 ቀን በዓሉ ነው። አያቴ ስትታመም ጠበሉን እንዳመጣ የምላከው እኔ ነበርኩ። ስሄድ ቁልቁለቱን እሮጣለሁ፤ ስመለስ ጠርሙሱ እንዳይፈስ እራመዳለሁ። ሩጫን የተማርኩት እዚያ ነው፣ ሩጫ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

* * *

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶን አሸነፈ። የዘመን አቆጣጠራችንን ካላሰላነው ቀኑ ብዙ ጊዜ ያመልጠናል፤ እዚህ ቤት ችቦ በሚበራበት ምሽት እዚያም ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳር ዳር ቆመው ነበር። የክብር ዘበኛው አበበ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። መንገዱ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ነቅለው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት በቆመበት በኩል ያልፍ ነበር። ሐውልቱ ራሱ አገሩ የገባው ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው።

ዓለም የተደነቀው በእግሩ ነው። ጫማ የለውም! እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ያ ድንቅ ለላስታ ገበሬ ምንም ድንቅ አለመሆኑ ነው። እናቴ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በእሷ መንደር ጫማ ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ያለውም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ያወልቀዋል። ባዶ እግር ለአንዱ ድህነት፣ ለሌላው አክብሮት፣ ለሁሉም የዘወትር ነገር ነበር። ሮም ያየችው ተአምር እኛ ዘንድ ወፍጮ ቤት መሄጃ ነው።

አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ብዙም ሳይቆይ፣ ጫማ አድርጎ ደገመው። ከዚያ ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ፣ ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደግሞ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች፤ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን እጇን ይዛ አብራት ሜዳውን የዞረችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የምትሮጥ ሴት ትርጉም ተለወጠ። ቢያንስ የማሊያ ልብስ የለበሰች ከሆነች «ማን ሞተ?» የሚላት የለም፤ «ደራርቱ!» ይላታል።

ግን ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ የጀግኖች ታሪክ ነው። ሌሎቻችን ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበን፣ በኋላም ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን የምንጮህ ነበርን። በሌላው ዓለም ተራ ሰው ጎዳና ላይ ወጥቶ መሮጥ ከጀመረ ቆይቷል። የኒው ዮርክ ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር 127 ሰዎች ተነስተው 55 ብቻ ነበሩ የጨረሱት፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሯጩ በአሥር ሺዎች ይቆጠር ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ኒውካስል ላይ «ግሬት ኖርዝ ራን» እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀመረ። እኛ ጋ ሩጫ ወይ ሜዳልያ ነው፣ ወይ መርዶ። መካከሉ ባዶ ነበር።

ያንን ባዶ ቦታ የሞላው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ መቶኛ፣ በ9 መቶኛ ሰከንድ፣ በቀደመ ማግስት፣ የግሬት ኖርዝ ራን መሥራች ከሆነው ብሬንዳን ፎስተር ጋር ተመካክሮ፣ በቀጣዩ ዓመት ህዳር ወር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ የመጀመሪያው ዓመት ተሳታፊ 10 ሺህ። ኃይሌ ራሱ ሮጦ አሸነፈ፣ ከሴቶች ብርሃኔ አደሬ። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ ያልፋል። እነዚያ 10 ኪሎ ሜትሮች ደራርቱ ባርሴሎና ላይ የሮጠቻቸው ናቸው። እሷ 31 ደቂቃ ፈጅታባቸዋለች፤ የእኔን አትጠይቁኝ።

* * *

አሁን እኔ እንዴት ሯጭ እንደሆንኩ ልናገር።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። እስከ ታህሳስ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላልፋለች። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ መንገድ የለም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ማታ ማታ ለእናቴ እደውላለሁ፤ የምትመልስልኝ ያቺ የተቀዳች ድምፅ ናት። ቤት መቀመጥ አቃተኝ። መጀመሪያ መራመድ ጀመርኩ፤ መራመዱ አልበቃ አለኝ። አንድ ማታ እየሮጥኩ ራሴን አገኘሁት።

የሰፈሬን ዙሪያ ለካሁት። ከእናቴ ቤት አካባቢ ነአኩቶ ለአብ ደርሶ መልስ የሚያህል ርቀት ፈለግሁ። በዓይነ ሕሊናዬ የማየው አስፋልቱን አይደለም፤ ቁልቁለቱን፣ የወይራውን ዛፍ፣ ዋሻውን ነው። ስመለስ ሳላስበው እራመድ ነበር፣ ጠርሙስ የያዝኩ ይመስል። ስለዚህ እናቴ ያለችው ውሸት አልነበረም። «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ዝም ብዬ ነው አልኳት እንጂ፣ የጀመርኩትስ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ ሳላውቅ ቀርቼ ነው። ታህሳስ ውስጥ ድምፅዋን ስሰማ፣ «አለሁ፤ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው» አለችኝ። ሩጫው ግን አልተወኝም።

በ2015 ዓ.ም. ሩጫው የተካሄደው የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በተፈረመ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። ያን እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ሻይና ሁለት ሙዝ ቀመስኩ። ታክሲ ውስጥ ሁላችንም አንድ ዓይነት ከነቴራ ለብሰናል፤ ረዳቱ እንኳ «ዛሬ ተሳፋሪውን መለየት አቃተኝ» አለ። መስቀል አደባባይ ስደርስ ደረጃው ሞልቶ፣ ከበሮው ተጀምሯል። ሰው ገና ሳይነሳ በጭፈራ ግማሽ ጉልበቱን ጨርሷል። ከአጠገቤ የቆሙ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ አንቺ ስንተኛሽ ነው?» አሉኝ። «የመጀመሪያዬ ነው አባባ።» «እንግዲያው አትቸኩዪ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

አልሰማኋቸውም። ተኩሱ ሲሰማ ሕዝቡ ገፋኝ፣ እኔም ገፋሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች እንደ ነአኩቶ ለአብ ቁልቁለት በረርኩባቸው። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ደረቴ ተዘጋ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ እግሬ የሰው እግር ሆነ። ቆሜ ስተነፍስ እኒያ ሽማግሌ በዝግታ፣ ሳይቆሙ፣ እያዩኝ አለፉ። ምንም አላሉኝም፤ በእጃቸው ነይ የሚል ምልክት ብቻ አሳዩኝ።

ተከተልኳቸው። ከእሳቸው ጀርባ ሆኜ ነው መንገዱን ማየት የጀመርኩት። የመንደር ሴቶች ጀሪካን ይዘው ወጥተው ውሃ ይረጩናል። ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ያስመቱናል። ከበረንዳ ላይ «በርቱ! በርቱ!» ይላሉ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ይህን አውቀዋለሁ። ሳላውቀው አይደለም። ለገና የሚመጣውን እንግዳ እናቴ በራፋችን ላይ ቆማ እንዲህ ነበር የምትቀበለው። ሩጫን ከንግሥ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሕዝቡ የማያውቀውን ደካማ መንገደኛ በርታ ማለትን ከዚህ ሩጫ አልተማረውም፤ ይዞት ነው የመጣው። ኃይሌ ሐሳቡን ከእንግሊዝ ቢያመጣውም፣ እዚህ ሲደርስ የጠበቀው አሮጌ ልማድ ነበር። ሌላ አገር ሰዓት ይዞ የሚሮጠውን 10 ኪሎ ሜትር እኛ በከበሮ የምንሄደው ለዚህ ይመስለኛል።

ሽማግሌው እኔን ጥለውኝ ቀድመው ገቡ። በኋላ ፈለግኳቸው፤ በ40 ሺህ ከነቴራ ውስጥ ከየት ይገኛሉ?

ከሰዓት በኋላ ለእናቴ ደወልኩ።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«አላውቀውም እማዬ። ከ20 ሺህ ሰው በኋላ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ሰጡሽ?»

«ሜዳልያ።»

«ከ20 ሺህ ሰው በኋላ መጥተሽ?»

«ለሁሉም ነው የሚሰጡት። ለጨረሰ ሁሉ።»

አሰበች። ከሳምንት በፊት ህዳር 3 ቀን ነአኩቶ ለአብ ወርዳ፣ በዓሉን አክብራ፣ ጠበሏን ይዛ በእግሯ ተመልሳለች፤ ሰባ ዓመት ካለፋት ሴት ደርሶ መልሱ ቀላል አይደለም።

«እንዲያ ከሆነማ ጠበል ጸዲቅ ነው» አለችኝ። «ለመጣ ሁሉ የሚደርስ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ማን ሞተ ብዬ ባልደነገጥኩ!»