ሞፈርና ዶማ በምዕራብ ጎንደር ቆላ
የሴትና የወንድ ሥራ ከደም ነው ወይስ ከልማድ?

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ሱዳን ወሰን የሚወርድ መንገደኛ፣ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳሉት ወደ ገንዳ ውሃና ወደ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። በዚህ ቁልቁለት የሚለወጠው አየሩና ዛፉ ብቻ አይደለም። የደጋው ገበሬ ጥንድ በሬ ጠምዶ፣ ዕርፍ ጨብጦ ያርሳል፤ በመተማና በቋራ በረሓ ከጥንት ጀምሮ የኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ግን ዱሩን እየመነጠረና እያቃጠለ፣ ምድሩን በዶማ እየቆፈረ ማሽላና ዳጉሳ ሲዘራ ኖሯል። ከመሣሪያው ጋርም የሴትና የወንድ ድርሻ ይለያያል። የደጋ ሴት ታርማለች፣ በአጨዳ ታግዛለች፣ ነዶ ትሸከማለች፤ ዕርፍ ግን አትጨብጥም። የጉሙዝ ሴት ከባሏ ጋር ትቆፍራለች፤ በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ግራና ቀኝ ሸክሟን አንጠልጥላ ከማሳ ትመለሳለች።

የደጋው ሰው ስለዚህ ልዩነት ሲጠየቅ፣ ሴት ለእርሻ ጉልበት የላትም፣ ተፈጥሮዋም አይደለም ብሎ ይመልሳል። እርግጥ ነው፣ በአማካይ የወንድ ክንድ ከሴት ክንድ ይበረታል፤ ይህም ከሰውነት አሠራር የመጣ እንጂ ከልማድ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ሞፈር፣ ቀንበርና ማረሻ አንድ ላይ ተደምረው 30 ኪሎ አይሞሉም፤ ገበሬው በትከሻው አድርጎ ወደ ማሳ ይዟቸው ይሄዳል። ከእንጦጦ ዱር ወደ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያወርዱ የኖሩት ሴቶች በጀርባቸው ከዚህ የሚበልጥ ሸክም ይሸከሙ ነበር። የሞተር ወፍጮ ከመግባቱ በፊት የቤተ ሰቡን እህል በድንጋይ ስትፈጭ የምታድረው ሴት ስለ ጉልበቷ የጠየቃት አልነበረም። ደካማውን ወንድ የማይከለክል፣ ብርቱዋንም ሴት የማይፈቅድ ሕግ የጉልበት ሕግ ሊባል አይችልም።

ስለ ደም የሚባለውም ሊመረመር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ደጋና ቆላ በሰው አካል ላይ እውነተኛ ምልክት አኑረዋል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። በዚያ ስስ አየር ውስጥ የእነዚህ ሰዎች የደም ኦክሲጅንና ሄሞግሎቢን በዝቅተኛ ስፍራ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ፤ የአንዲስና የቲቤት ተራራ ሰዎች ግን እንዲህ አይደሉም። ቆላውም የራሱን ምልክት ትቷል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ለመግባት ዳፊ በተባለ ነገር ይጠቀማል፤ ይህ ነገር በደገኛው ደም በብዛት ይገኛል፣ ጉሙዝ ብዙ ጊዜ ከሚመደቡባቸው ከናይሎ ሰሐራ ቋንቋ ተናጋሪዎች በብዙዎቹ ዘንድ ግን የለም። አለመኖሩ በሽታውን ፈጽሞ ባይከለክልም ያዳክመዋል። እነዚህ ዘረ መሎች ስለ ትንፋሽና ስለ ንዳድ ብዙ ይናገራሉ፤ ዕርፉን ማን ይጨብጥ ለሚለው ጥያቄ ግን አንዳች ቃል የላቸውም።

ልማድም ራሱ ተፈጥሮ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። በመተማና በሑመራ ካላዛር ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጐልማሶች ወንዶች ናቸው። ይህን ብቻ የሰማ ሰው የወንድ ደም ለበሽታው ደካማ ነው ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ሰሊጥና ማሽላ ለማጨድ ከደጋ ወርዶ በሜዳ የሚያድረው በአብዛኛው ወንድ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በተፈጥሮ ስም የሚሰጥ ፍርድ በዚህ አገር ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ስናር ሲሄድ በራስ ኤል ፊል፣ ማለት በመተማ አካባቢ፣ ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ የጎንደር ሹማምንት በቆላው ሕዝብ ላይ ስላደረጉት የባሪያ አደን ጽፏል። ሻንቅላ የሚለው የንቀት ስም፣ ቆለኛው ለባርነት የተፈጠረ ነው የሚለውን አሳብ በውስጡ ይዞ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት የመተማ ገበያ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው ይሸጥበት ነበር።

መሬቱስ ምን ድርሻ አለው? ብሩስ ጸልጸልያ ያለው ዝንብ ክረምት ሲገባ በተነሣ ጊዜ፣ ባለ ከብቱ ጥቁሩን መሬት ለቆ ወደ አትባራ አሸዋ እንደሚሰደድ ተርኳል። በሬ ዓመቱን ሙሉ በማይቆምበት አገር ሞፈር ሥር መስደዱ አስቸጋሪ ነው፤ ዶማ ደግሞ ብዙ እጅ ስለሚፈልግ የሴቲቱን እጅ ሊንቅ አይችልም። የዴንማርኳ ሊቅ ኢስተር ቦዝረፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ በዶማ የሚተዳደሩ አገሮች የሴት እርሻ፣ በሞፈር የሚተዳደሩትም የወንድ እርሻ አገሮች መሆናቸውን በሰፊው አስረድተዋል። ነገሩ ለመተማም በደንብ ይስማማል፤ ሆኖም እስከ ማሳው ድረስ ነው እንጂ እስከ ቤት አይደርስም። በጉሙዝ ልማድ ጋብቻ የሚፈጸመው በልውውጥ ነው፤ ወንዱ ለሚያገባት ሴት ምትክ እኅቱን ወይም ዘመዱን ይሰጣል። የምትቆፍረው ሴት በማን ቤት እንደምትቆፍር የሚወሰነው በወንዶች ምክር ነው።

ደግሞም መሬት ብቻውን አይወስንም። ከምዕራብ አፍሪቃና ከዳርፉር ወደ መካ ሲጓዙ በመተማ የቀሩት ተክሩሮች በዚያው ምድር ጥጥ ሲያለሙና ሲነግዱ ኖረዋል፤ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በስፍራው አግኝቷቸዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሰፈራ ወደ መተማና ወደ ቋራ የወረዱት ደገኞችም የሴትና የወንዱን ድርሻ እንደነበረ ይዘውት ወርደዋል። አሌሲና፣ ጁሊያኖና ነን የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ አያቶቻቸው በሞፈር ያርሱ የነበሩ ስደተኞች ልጆች ሞፈር ባላዩበት በአሜሪካና በአውሮጳ ከተማ እንኳ ስለ ሴት ሥራ ያላቸው አስተያየት ከሌላው ይለያል። ሞፈሩ ቀርቶ ልማዱ ተሰድዷል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የሚገኘው በደቡብ ጎንደር በፎገራ ነው። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት በአውራ አምባ ሴቶች በሬ ጠምደው ያርሳሉ፤ ወንዶችም እንጀራ ይጋግራሉ። እነዚህ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው በደምም ሆነ በመሬት አይለዩም፤ ማረሻቸውም ያው ነው። የለወጡት ልማዱን ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ተጠልተው በደርግ ዘመን ወደ ደቡብ እስከ መሰደድ ደርሰዋል። በትግራይ የነበረው የትጥቅ ትግል በ1970ዎቹ ሴቶችን እርሻ ሊያስተምር ጀምሮ፣ የገበሬው ተቃውሞ ሲበረታ ተወው። ተፈጥሮ የከለከለውን ነገር ለመጠበቅ ይህን ያህል ቍጣ ባላስፈለገም ነበር።

በአማራ አገር ሴት መሬት አልተነፈገችም። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበረ ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ድርሻ ነበራት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ ጾታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ፤ ነገር ግን መተዳደሪያ የሌላት ሴት ሌላ ሰው ቀጥራ እንድታሳርስ ለይቶ መፍቀድ ግድ ሆነበት። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በሚሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ከባል ጎን ይገኛል። ባሏ የሞተባት ሴት ዛሬም ይህን ደብተር በሣጥኗ አኑራ፣ በሬ ያለውን ወንድ ፈልጋ መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፤ በአውድማውም ላይ የምርቱ ግማሽ ለአራሹ ተሰፍሮ ይሄዳል።