የሜዳ ዳር ድምፅ፦ ከገና ጨዋታ እስከ ማይክሮፎን

የእግር ኳስ ጨዋታ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው። አንዱ ከተመልካቹ የሚነሣው ጩኸት፣ ዝማሬና ፉጨት ነው። ሌላው ከሜዳው ዳር የሚወጣው ነው፦ የአሰልጣኝ ትእዛዝ፣ የተጫዋቾች መጠራራት፣ የተጠባባቂዎች ምክርና ብስጭት። የመጀመሪያው ለሁሉም ይሰማል። ሁለተኛው ግን ለብዙ ዘመን መስመሩ አጠገብ ለቆመ ሰው ብቻ የተሰጠ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋፊ ወደዚህ ሁለተኛ ድምፅ የቀረበው ቀስ በቀስ ነው። መንገዱ ከገና ሜዳ ይነሣል፣ በሬዲዮ ያልፋል፣ ተመልካች ከሌለበት ስታዲየም ይደርሳል። እንደ ጋዝጊብላ፣ ሰቆጣና ደሃና ላሉ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች ታሪኩ የተለየ ክብደት አለው፤ በእነዚህ ደጋዎች ትልልቅ ጨዋታዎች ለረጅም ጊዜ የታወቁት በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው።

የገና ሜዳ ሕግ

እግር ኳስ ከመምጣቱ በፊት የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የራሱ የኳስ ጨዋታ ነበረው። በልደት በዓል ሰሞን ጎልማሶችና ወጣቶች ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው ይወጣሉ፤ ጥንግ ወይም እሩር የምትባለውን ትንሽ ኳስ እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ድንበር ይነዳሉ። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ ሜዳውም በኖራ አይሰመርም። ጎጥ ከጎጥ፣ መንደር ከመንደር ይገጥማል። ዳር የቆመው ሕዝብ ዝም ብሎ አያይም፤ ያሸነፈውን ያወድሳል፣ የተሸነፈውን በግጥም ይነካል።

በዚህ ጨዋታ ላይ የተነገረው ምሳሌያዊ አነጋገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሜዳ ላይ የተሰነዘረ ዱላም ሆነ ቃል ከሜዳ ውጭ ቂም አይያዝበትም። በሌላ ቀን አንቱ የሚባለው ባለርስት በዚያች ዕለት ይጋፋል፣ ይወድቃል፣ ይሰደባል። አገሩ ይህን ሕግ በጽሑፍ አላኖረውም፤ በልማድ ግን አጽንቶ ይዞታል። የሜዳ ዳር ንግግር እንደ ሌላው ንግግር እንደማይመዘን፣ የራሱ ፈቃድና የራሱ ወሰን እንዳለው ከእግር ኳስ ዘመን በፊት ታውቆ ነበር።

ከብዙ ቋንቋ የተሠራ የሜዳ ቋንቋ

ዘመናዊው እግር ኳስ አዲስ አበባ ውስጥ ሥር የሰደደው በውጭ አገር ነዋሪዎች፣ በተለይም በአርመኖች፣ በግሪኮችና በጣሊያኖች ቡድኖች መካከል ነው። የኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ታዋቂ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው ሻምፒዮና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን ተሰልፈው ነበር።

በእንዲህ ያለ ውድድር ሜዳ ዳር የቆመ ሰው በአንድ ከሰዓት አምስት ቋንቋ ይሰማል። ደጋፊው የሰማውን ይዞ ወደ ሰፈሩ ሄደ፤ ልጆችም በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ ደገሙት። ከእንግሊዝኛ ጎል፣ ፋውልና ኮርና መጡ። ከጣሊያንኛ ደግሞ ካልቾ፣ ቴስታ፣ ሪጎሬና ማኖ ገቡ። ካልቾ ዛሬ ኳስ የማያውቅ ሰው እንኳ ለእርግጫ የሚጠቀምበት ቃል ነው። ማኖ ኳስን በእጅ መንካት ነበር፤ አሁን ግን ማኖ ነካ ሲባል በስህተት ተያዘ፣ ጥፋት ላይ ተገኘ ማለት ነው። ከሜዳ ዳር የተለቀመ ቃል በዚህ መንገድ የአገር ቃል ሆነ።

አማርኛውም ከራሱ ጓዳ አወጣ። ባንዲራ የሚያውለበልበው የመስመር ዳኛ አራጋቢ ተባለ፤ ፔናሊቲ ፍፁም ቅጣት ምት ሆነ። የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎችም ደጋፊው ባወጣላቸው ስም ተጠሩ፦ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ። የመጨረሻው በ1950ዎቹ ሁከት ከበረታባት የኮንጎ ግዛት የተወሰደ ነው። ስሞቹ የሚነግሩት አንድ ነገር አለ፤ ከሜዳው ጋር ያለው ርቀት የደጋፊውን ደረጃ ይወስን ነበር። ጥላ ፎቅ የተቀመጠ ጨዋታውን ያያል፤ አጥሩ ሥር የቆመ ግን የተጫዋቹን ትንፋሽና የአሰልጣኙን ቁጣ ይሰማል።

ጥር 13 ቀን 1954

የዚያ ዘመን ታላቁ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጅታ ቱኒዚያን 4 ለ 2 በማሸነፍ ለፍጻሜ ደርሳ ነበር። ተጋጣሚዋ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው የዋንጫው ባለቤት ግብፅ ናት። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በበደዊ አማካኝነት መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በደቂቃ ልዩነት በደዊ ደግሞ አስቆጠረ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ፤ ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥቱ ለአምበሉ ሰጡ።

ቡድኑን ከመሩት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የቫሳሎ ወንድማማቾች አስመራ ያደጉ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። በዚያ ሜዳ አማርኛ፣ ትግርኛና ጣሊያንኛ ተቀላቅለው አንድ ቡድን አንቀሳቅሰዋል። ከዚያ ሁሉ የሜዳ ዳር ንግግር ግን ለአገሩ የደረሰው ውጤቱ ነው። ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ድሉን ያወቀው በሬዲዮና በጋዜጣ፣ ከዚያም ከአፍ ወደ አፍ በሄደ ወሬ ነው። ዳገትና ቁልቁለት አልፎ ዋግ ሲደርስ ደግሞ ግቡና ስሙ ቀርቶ፣ ያሸነፈችው አገር ብቻ ትቀራለች።

ሬዲዮ፦ ጆሮ ዓይን ሲሆን

በዓለም ደረጃ የእግር ኳስ የቀጥታ የሬዲዮ ስርጭት የታወቀ መነሻ እ.ኤ.አ. ጥር 1927 ነው፤ ቢቢሲ የአርሰናልንና የሼፊልድ ዩናይትድን ጨዋታ አስተላለፈ። በኢትዮጵያ በአቃቂ የተጀመረው ሬዲዮ ከወረራው በኋላ እየሰፋ ሲሄድ ስፖርትም ቦታ አገኘ። ሰለሞን ተሰማ ፈር ከቀደዱት የስፖርት ጋዜጠኞች መካከል ስሙ በመጀመሪያው ረድፍ ይጠራል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ደምሴ ዳምጤም በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው ሆነ።

የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሥራ የሚታየውን ወደሚሰማ መለወጥ ነው። ኳሷ ከማን ወደ ማን እንደሄደች፣ ተጫዋቹ በየትኛው መስመር እንደሮጠ ይናገራል። በቃላቱ መካከል ባለችው ክፍተት ደግሞ የስታዲየሙ ድምፅ ይገባል። አድማጩ ሁለቱን አጣምሮ መስማት ይማራል። ጋዜጠኛው ገና ሳይናገር ከኋላው የሚነሣው ጩኸት ግብ መሆኑን ያሳብቃል፤ ረጅም «ኡ» የሚል ድምፅ ከሆነ ኳሷ ለጥቂት ወጥታለች።

በዋግ ደጋዎች ይህ የመስማት ጥበብ ተጨማሪ ድካም ነበረበት። ሬዲዮው የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ለጥቂት ሰዓት ነፍስ ይዘራና መልሶ ይዝላል። አንቴናው ላይ ሽቦ ይቀጠላል፤ ሬዲዮው ከቤት ወጥቶ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የአጭር ሞገዱ ድምፅ እንደ ነፋስ ይመጣል ይሄዳል፤ ሲጠፋ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲመለስ የጎደለውን በግምት ይሞላል። አንድ ሬዲዮ የብዙ ሰው ነው። የሰማው ላልሰማው ሲነግር ደግሞ የጋዜጠኛውን ድምፅ ጭምር አስመስሎ ይነግራል፤ የሜዳው ድምፅ በዚህ መንገድ ከሬዲዮው አልፎ ከሸንተረር ሸንተረር ይሻገራል።

የሬዲዮው ዘመን ትልቁ ምሽት ታኅሣሥ 17 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ከተለያየች በኋላ በፍፁም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፈች። ፍፁም ቅጣት ምት ለሬዲዮ የተፈጠረ ይመስላል፦ ዝምታ፣ የአንድ ሰው እርምጃ፣ ከዚያ የብዙ ሺህ ሰው ጩኸት ወይም ሐዘን። የደምሴ ዳምጤ የዚያ ዕለት ድምፅ ከውጤቱ እኩል ሲታወስ ኖሯል። ዋግ በዚያን ጊዜ ከ1977ቱ ረሃብ ገና አላገገመም፤ ጦርነቱም በደጃፉ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ከሩቅ የመጣ የደስታ ጩኸት ከጨዋታ በላይ ዋጋ አለው።

ማይክሮፎኑ ወደ መስመሩ ሲጠጋ

የአሰልጣኙን ንግግር ራሱን የመቅዳት ሐሳብ የዳበረው በአሜሪካው እግር ኳስ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1970 ካንሳስ ሲቲ ሚኒሶታን 23 ለ 7 ባሸነፈበት አራተኛው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ፣ አሰልጣኝ ሃንክ ስትራም ልብሳቸው ውስጥ ማይክሮፎን ይዘው ቆሙ። በኋላ ፊልሙ ሲወጣ ደጋፊዎች ትእዛዛቸውን፣ ሳቃቸውንና ጉራቸውን ሰሙ፤ ንግግራቸውንም እየደጋገሙ ያስታውሱት ጀመር። ዋንጫ በእግር ብቻ ሳይሆን በአፍም እንደሚገኝ ሕዝብ በጆሮው አረጋገጠ።

በእኛው እግር ኳስ ግን አሰልጣኝ ከመስመር ዳር መመሪያ መስጠቱ ራሱ ለረጅም ጊዜ በሕግ የተከለከለ ነበር። ለአሰልጣኞች የተለየ ክልል በጨዋታው ሕግ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዚያ ወዲህ ቆሞ መጮህ የሥራው አካል ሆነ፤ ቢሆንም የሞላ ስታዲየም ድምፁን ይውጠዋል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው እጅ ሲወራጭ ይታያል፤ ቃላቸው ግን በሕዝቡ ጩኸት ውስጥ ይሰጥማል።

ዝም ያለው ስታዲየም

ይህን የለወጠው ኮሮና ነው። የ2012ቱ ፕሪሚየር ሊግ በወረርሽኙ ምክንያት ተሰረዘ። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ፣ ያለ ተመልካች ወይም በጥቂት ተመልካች ተካሄደ። በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየት ጀመሩ። ሕዝቡ ከስታዲየም በወጣበት ዓመት ካሜራና ማይክሮፎን ገቡ ማለት ነው።

ደጋፊው በየቤቱና በየዲኤስቲቪ ቤቱ ተቀምጦ ከዚያ በፊት ያልሰማውን ሰማ። ኳስ ስትመታ የምታወጣው ድምፅ፣ በረኛው ተከላካዮቹን ሲያሰልፍ፣ «ሰው አለብህ!»፣ «ብቻህን ነህ!»፣ «ተመለስ!» የሚሉት አጫጭር ጥሪዎች በግልጽ መጡ። አቀባበሉ በሦስት ይከፈላል። አንዳንዱ ተማረበት፤ ቀላል የሚመስል ኳስ ማቀበል ከኋላው ስንት ጥሪ እንዳለበት አየ። አንዳንዱ ደነገጠ፤ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ የሚያይ ሰው ከሜዳ የሚወጣ ሻካራ ቃል ከብዶት ነበር። ሌላው ደግሞ ተከራከረ፤ አሰልጣኙ ምን እንዳለ፣ ለማን እንዳለ፣ ትክክል ይሁን አይሁን የውጤቱን ያህል አነጋገረ።

በዚያው ዓመት ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነው። አፄዎቹ የሚባሉት ፋሲሎች በፋሲለደስ ስታዲየም በደጋፊ ብዛትና ድምፅ የሚታወቁ ናቸው፤ የታሪካቸውን ትልቁን ድል ያገኙት ግን ያ ድምፅ በሌለበት ዓመት ነው። ደጋፊው ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሳይጮህ ሰማው። ዋንጫው የተገኘበትን ንግግር ያወቀውም በዝምታው ምክንያት ነው።

ዋግ ኽምራ ብዙ ሳይቆይ ጦርነት ደረሰበት፤ መብራትና ስልክ ሲቋረጥ ቴሌቪዥኑም አብሮ ጠፋ፤ ባትሪ ድንጋይ እንደገና ተፈለገ። ሰላም በሆነበት ጊዜ ግን የጋዝጊብላዋ አስከተማም ሆነች ሰቆጣ ጨዋታ የምታይበት ስክሪን አላት፤ የሜዳ ዳር ንግግርም ከነሻካራነቱ ይደርሳታል።

ለዚህ ንግግር ትክክለኛው ሚዛን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ሜዳ ላይ አንቱታ ይቀራል፤ አሰልጣኙ በአንድ ቃል ያዛል፣ ታናሽ ተከላካይ ታላቁን በስሙ ጠርቶ ይቆጣል፤ ፊሽካ ሲነፋ ይተቃቀፋሉ። ማይክሮፎኑ ይህን ለሁሉም ሲያሰማ ያወጣው አዲስ ምስጢር የለም። የገና ሜዳ ዳር ይቆም የነበረው ሰው ያውቀው የነበረውን ፈቃድና ወሰን፣ ርቆ ለሚኖረውም አካፈለው።